ጎማውን የጠገንኩ ዕለት

በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚያ ጎማ አምሮ የወጣልኝ የለም። ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ በሁሉም ውስጥ አንድ የተንጋደደ ነገር አይጠፋም። ጎማው ግን ከእጄ ከወጣ በኋላ ጠብ አላለም። በዘጠኝ ዓመቴ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ለእናቴ ብዬ ነው የጠገንኩት። ያን ዕለት እጄን ቆርጥሞኝ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፣ ልጆቼ ሲሰሙኝ ይቆጡኛል።

ቤታችን ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ከጃንሆይ የኢዮቤልዩ በዓል ቀጥሎ ባለው ዓመት አባቴ አቶ መርሻ አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የመዝገብ ቤት ሹም ሆነ፤ ሹመቱ በመጣ በወሩ ደግሞ ዐሥራ አራት እግር ጽጌረዳ አስተከለ። ማታ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ሱሪውን ብቻ በፒጃማ ይለውጥና፣ ከአንድ ግሪክ ሱቅ የገዛውን ረጅም አረንጓዴ ጎማ ቧንቧው ላይ ሰክቶ አበባውን ያጠጣል። ከወገቡ በላይ ሹም፣ ከወገቡ በታች በሽተኛ ይመስል ነበር። እኔ ግን ያኔ ከአባቴ የሚበልጥ ሰው በአዲስ አበባ ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ከጃንሆይ በስተቀር።

ከግንባችን ማዶ፣ ከእኛ ግቢ ዝቅ ብሎ፣ የእትዬ አሰፋች ቤት አለ። እትዬ አሰፋች ባሏ ኮሪያ ዘምቶ የቀረባት፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልብስ አጣቢ ነበረች። ፒያሳ ያለ አንድ ሆቴል የአልጋ አንሶላና የጠረጴዛ ልብሱን የሚያሳጥበው እሷ ዘንድ ነው። በረንዳችን ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ ግቢዋ ከዳር እስከ ዳር በነጭ ጨርቅ ይሞላል፤ ነፋስ ሲመጣ አንሶላው ሁሉ ባንድ ላይ ይነፋና ቤቷ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሰፈር ቧንቧ ያለው ግቢ የእኛ ብቻ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በሁለት ቆርቆሮ ውሃ ከእኛ ትቀዳለች፤ በምትኩ የቤታችንን ልብስ ታጥባለች። ይህን ስምምነት እናቴና እሷ ናቸው የተስማሙት። ጎረቤት ውሃ ሲጠይቅ መከልከል በሰፈራችን ነውር ስለነበር አባቴም አንድ ቀን ምንም ብሎ አያውቅም።

በታኅሣሥ ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ነጭ ሸሚዙን በክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ እትዬ አሰፋች ቤት ወረደ። ኮሌታው በደንብ አልጸዳም፣ ራሴ አሳያታለሁ አለ። ብዙም አልቆየም። ሸሚዙን ጨብጦ፣ ፊቱ ቀልቶ ተመለሰ። በማግስቱ ለግቢያችን ዘበኛ ያቺ ሴት ከእንግዲህ ይህን በር እንዳታልፍ ብሎ አዘዘ። ልብሳችንም ድልድይ ማዶ ላለ ሌላ አጣቢ ተሰጠ። ለእናቴ የነገራትን ግን እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

«አንዲት ጣሳ ውሃ ሰጥተሻት ባገኝ፣ ዕቃሽን ሸክፈሽ አብረሻት ትወጫለሽ።»

እናቴ ሓዳስ ወገኖቿ ሁሉ አክሱም ናቸው፤ እዚህ ከተማ ያላት ሰው አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። እሺ አለችው። እኔ ደግሞ ስለ አንድ ኮሌታ ይህን ያህል መቆጣቱ ገርሞኝ፣ ትልቅ ሰው ንጽሕና እንዲህ ያንገበግበዋል ማለት ነው ብዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንገቴን በሳሙና እፈትግ ጀመር።

ከቀናት በኋላ በረንዳው ሥር ተቀምጬ ጠጠር ስጫወት እናቴ ግንቡ ሥር ባለችው የጎርፍ ማሳለፊያ ቀዳዳ ጎንበስ ብላ ስታወራ ሰማኋት። ከማዶ የሚመልሰው የእትዬ አሰፋች ድምፅ ነው።

«እምቢ ያልሽው ለእኔ ብለሽ መሆኑን አላጣሁትም» አለች እናቴ።

«ለእርስዎ ብቻ አይደለም እትዬ ሓዳስ፤ ለራሴም ነው።»

እኔም ነገሩ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። እትዬ አሰፋች የአባቴን ሸሚዝ ደግሜ አላጥብም ብላለች ማለት ነው። እናቴ ለምን እንደምታመሰግናት ግን አልገባኝም። ጎበዝ አጣቢ ብትሆን ኖሮ ኮሌታውን ደግማ ብታሽ ምን ነበረበት ብዬ በልቤ ተቀየምኳት።

አሁን የዚያን ጊዜ የእናቴን ዕድሜ እጥፍ ልሆን ምንም አልቀረኝም፤ እትዬ አሰፋች የነበረችበትን ጉድጓድ አሳምሬ አየዋለሁ። ቦኖው ሩቅ ነው፣ ጠባቂውም የሚፈቅደው የመጠጥ ውሃ ብቻ ነው። ድልድዩ ሥር ያለው ወንዝ ነጩን ጨርቅ አጥቦ ሳይሆን አሳድፎ ነው የሚመልሰው። ሆቴሉ ከፋሲካ በኋላ በደመወዝ ሊቀጥራት፣ በራሱ ግቢና በራሱ ውሃ ሊያሠራት ቃል ገብቶላት ነበር። ከጥር እስከ ፋሲካ አንሶላውን ነጭ አድርጋ ካቀረበች ከአባቴም ከግንቡም ትገላገላለች። ያ ሦስት ወር ነበር የጨነቃት፤ እናቴም ያንን ሦስት ወር ልታሻግራት ነበር የቆረጠችው።

ጎማው ማፍሰስ የጀመረው በጥር ነው።

ከቧንቧው ተነሥቶ በግንቡ ሥር ሥር ዞሮ ነው ጽጌረዳዎቹ ጋ የሚደርሰው፤ የሚያፈሰው ደግሞ መሀሉ ላይ፣ ልክ ከጎርፍ ማሳለፊያው ፊት ለፊት ነበር። አባቴ ማታ ጫፉን ይዞ ሲጠብቅ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ይመጣለታል። አንድ ቀን በጨርቅ አሠረው፤ በማግስቱ ጨርቁ ላልቶ ተገኘ። በሽቦ አጠበቀው፤ ሽቦው ከተጠመጠመበት አንድ ጣት ፈቀቅ ብሎ ሌላ ቀዳዳ ወጣ። የግሪክ ዕቃ ብሎ ተራገመ፤ እራት ላይም በዚህ ቤት አንድ ጎማ የሚያስጠግን ሰው ይጥፋ እያለ እናቴን ያብጠለጥላታል። እሷ ነገ እልከዋለሁ ትላለች። ነገ ይመጣል፣ ጎማው አይላክም። እንዲህ ሲሆን አንድ ወር ሞላ፤ እኔ እናቴ ስትሰደብ እራቴን ትቼ እነሣ ነበር።

በዚያ ላይ የእናቴ ሁኔታ ያሳዝነኛል። ጠዋት አባቴ እንደወጣ ቧንቧውን ትከፍታለች፤ ጽጌረዳውን ጠዋትም ላጠጣልህ ብላ አስፈቅዳዋለች። ከዚያ ስፌት የምትሰፋበትን ወስፌ ይዛ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ትላለች። አንድ ቀን ተደብቄ አየኋት። በወስፌዋ ጎማውን ወጋ፣ ነቀል፣ ወጋ ታደርጋለች። እናቴ ሞሰብና ሰፌድ መስፋት እንጂ ሌላ ጥገና ስለማታውቅ፣ ምስኪን፣ ጎማውንም እንደ ሰፌድ ልትሰፋው ነው ብዬ አሰብኩ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያውም አፈርኩላት። ከሥሩም የታጠፈ ቆርቆሮ አጋድማበታለች፤ የሚፈሰው ውሃ በቆርቆሮው ላይ ተንሸራቶ በማሳለፊያው በኩል ወደ ማዶ ይወርዳል። ግንቡ እንዳይርስ ነው አልኩ ለራሴ። ከማዶ የባልዲ ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ጆሮ ግን አልሰጠሁትም።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ እናቴ ለቅሶ ለመድረስ ጉለሌ ሄደች። አባቴ ቅዳሜ የሚሠራው እስከ ቀትር ነው። ዛሬ ይህን ጎማ ጠግኜ ሁለቱንም አስታርቃለሁ አልኩ። ጎማውን ከቧንቧው ነቅዬ ጠቀለልኩት፤ ዘበኛው ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለልኝ፤ ቁልቁለቱን እየተንገዳገድኩ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ተምሬ ስመረቅ እንኳ አላገኘሁትም።

ድልድዩ አጠገብ ጋሽ ኑሪ የሚባል ጎሚስታ አለ፤ የታክሲና የብስክሌት ጎማ የሚለጥፍ፣ ፂሙን ሂና የሚቀባ ሰው ነው። እማዬ ጠግነው ብላለች አልኩት። ጎማውን አንድ ጫፉን ቋጥሮ በሌላው በኩል አየር ነፋበትና ውሃ የሞላ ገበቴ ውስጥ ነከረው። አረፋው ከአንድ ቦታ ብቻ ተንደቅድቆ ወጣ። አውጥቶ በጨርቅ አደረቀውና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቀዳዳዎቹ ዐሥር ይሆናሉ፤ ክብ ክብ፣ እኩል እኩል፣ ከአንድ ስንዝር ቦታ ያልወጡ።

«ይኼ ያረጀ አይደለም፤ ሰው የወጋው ነው» አለ። «እናትሽ እውነት ልካሻለች?»

ልካኛለች አልኩ። ትኩር ብሎ አየኝ። ሂጂና እንደገና ጠይቂያት፣ ሰኞ ብትመጪም ያው ነው፣ እኔ የትም አልሄድም አለኝ። እኔ ደግሞ አለቀስኩ። ባላለቅስ ኖሮ አይጠግነውም ነበር፤ በዚህ እርግጠኛ ነኝ። ሰውየው የማይመለከተውን የቤት ምሥጢር እጁን ሰብስቦ ሊተወው ፈልጎ ነበር፤ የተሸነፈው በልጅ እንባ ነው።

እኔ ልሥራው ብዬ ስለለመንኩት ብርጭቆ ወረቀቱን ሰጠኝ። ሻካራ እስኪሆን ፈገፈግኩት። ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ሰፋ ያለ ቁራጭ ቆርጬ እሱንም ፈገፈግኩ። ማስቲሹን በጣቴ ቀባሁ፤ ሽታው አናቴ ላይ ወጣ። ቶሎ ለመለጠፍ ስቸኩል፣ ቆዪ፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ይድረቅ፣ እርጥብ ማስቲሽ አይዝም አለኝ። ጠበቅሁ። ከዚያ ቁራጩን ዙሪያውን ጠቅልዬ ለጠፍኩ፣ በመዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁት፣ ዳርና ዳሩን በሽቦ አሰርኩት። ደግመን አየር ነፍተን ገበቴው ውስጥ ስንነክረው ውሃው ዝም አለ። ጋሽ ኑሪ ገንዘብ አልተቀበለኝም። ለእናትሽ ሰላም በይልኝ ብቻ አለ።

አባቴ ለምሳ ሲገባ ጎማው ተሰክቶ፣ እኔም ጫፉን ይዤ ጽጌረዳው መሀል ቆሜ ጠበቅሁት። ቧንቧውን እንዲከፍት ነገርኩት። ውሃው ተተኮሰ፤ ዐሥራ አራተኛው ጽጌረዳ ጋ ደርሶ ቅጠሉን አንቀጠቀጠው። አባቴ ኮቱ እስኪርስ አቅፎ አነሣኝና ወንድ ልጅ ብትሆኚ ኖሮ መሐንዲስ አደርግሽ ነበር አለኝ። ሙገሳው ስላሰከረኝ መናገሬን ቀጠልኩ።

«እማዬ እኮ ጠዋት ጠዋት በወስፌ ልትሰፋው ትሞክር ነበር፤ አልሆነላትም እንጂ። ውሃው ሁሉ በዚያ በቆርቆሮው ወደ እትዬ አሰፋች ቤት ይሄድ ነበር። አሁን ጠብ አይልም።»

አባቴ መሬት አስቀመጠኝ። ግንቡ ሥር ሄዶ ቆርቆሮውን አየው፤ በእግሩ ገለበጠው። ከዚያ ሳቀ፣ ለረጅም ጊዜ ሳቀ፤ የእናቴ አጠጋገን እሱንም እንደ እኔ አስቆት ነው ብዬ አብሬው ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሁለታችን እዚያ ግቢ ውስጥ ቆመን በእናቴ የሳቅነውን ሳስታውስ ለራሴ ያለኝ ንቀት ልክ የለውም።

እናቴ ከለቅሶ ስትመለስ ምሳ ቀርቦ ነበር። በእሷ ቦታ ትሪው ዳር ላይ ወስፌዋ ተቀምጧል። አባቴ ጎርሶ ያላምጣል። እናቴ ወስፌውን አየች፣ በመስኮቱ ጎማውን አየች፣ እኔን አየችኝ።

«አንቺ ነሽ የጠገንሽው?»

አዎ አልኳት፣ በሙሉ አፌ።

«እሰይ» አለች፤ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። አንዲት ጉርሻ እንኳ አልዋጠችም። እሷ ያቃታትን እኔ ስለቻልኩ ቀንታ ነው ብዬ ነበር የገመትኩት።

ከዚያ በኋላ ጎማውን እንደገና መውጋት አልተቻለም። አባቴ ማታ ማታ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ እየዳሰሰ ይመረምረዋል። ማሳለፊያውን በድንጋይና በሲሚንቶ አስደፈነው። አንድ ጠዋት እናቴ በነጠላዋ ሥር ማሰሮ ደብቃ ልትወጣ ስትል ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ፣ እትዬ፣ እባክዎን እንጀራዬን አይዝጉብኝ ብሎ ለመናት። ማሰሮውን ይዛ ተመለሰች። ውሃውን ጎመኑ ላይ ደፋችው።

እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ ቁልቁል የማየውን ግቢ ከዚያ ወዲህ አልወደድኩትም። እትዬ አሰፋች ጎሕ ሲቀድ የአንሶላ ሸክሟን ተሸክማ ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ እኩለ ቀን ላይ እርጥቡን፣ እጥፍ የከበደውን ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች። ገመዱ ላይ የሚሰጣው ጨርቅ ወደ ሻይ ቀለም ሄደ። ቀጥሎ ቁጥሩ አነሰ። በመጋቢት አጋማሽ የሆቴሉ ሰው በጋሪ መጥቶ ያልታጠበውንም የታጠበውንም ጭኖ ሲወስድ አየሁ። ገመዱ ባዶውን ቀረ። ሰነፈች አልኩ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ነው ያልኩት።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከእራት በፊት፣ አባቴ ነጭ ሸሚዝ በክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ማዶ ወረደ። በዚህኛው ጊዜ ግን ቶሎ አልተመለሰም። ሲመለስ ሸሚዙን አልያዘም። እራት ላይ ተቀመጠና፣ ከዚያች ሴት ጋር ታርቀናል፣ ከእሑድ ጀምሮ ውሃ ታገኛለች፣ ጎረቤት ነች፣ ውሃ መከልከል ነውር ነው አለ። እኔ አጨበጨብኩ። አባቴ ይቅር ባይ በመሆኑ ደስታዬ ወሰን አጣ። እናቴ ተነሥታ ትራሷንና ብርድ ልብሷን ከመኝታ ቤታቸው አወጣችና የእኔ አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ እስካገባ ድረስ ከእኔ ክፍል አልወጣችም። ከእኔ መለየት ስላልሆነላት ነው ብዬ ጓደኞቼን አስቀናሁበት።

ስለዚህ ነገር እናቴ ያነጋገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አባቴ ከሞተ፣ ዓርባውም ከወጣ በኋላ። እኔ ራሴ ነኝ የጠየቅኋት፤ በዚያን ጊዜ ሁሉንም ገጣጥሜ ጨርሼዋለሁ። እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር። «ስድስት ሳምንት ነበር የቀራት» አለችኝ፣ «ስድስት ሳምንት ብቻ።» ወዲያው ስለ ጉንፋኗ ማውራት ጀመረች። ልጅ ነበርሽ አላለችኝም፤ ሌላው ሰው ሁሉ ይህን ይለኛል፣ እሷ ግን አላለችኝም።

ታርቀናል ባለ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ፣ አባቴ ጎማውን ለእትዬ አሰፋች አሳልፊላት ብሎ አዘዘኝ። የጠገንሽው አንቺ ስለሆንሽ ክብሩ ያንቺ ነው አለኝ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ድንጋይ ላይ ወጥቼ ጎማውን በግንቡ አናት ላይ እየሳብኩ ወደ ማዶ ለቀቅሁት። እትዬ አሰፋች ከታች ቆማለች። ከስታለች፤ ጸጉሯ ግን አዲስ ተሠርቷል። ከኋላዋ ገመዱ ላይ አንድ የአባቴ ሸሚዝ ብቻ ተሰጥቷል፤ ኮሌታው ነጭ ነበር፤ ይኸውና ስትፈልግ ትችላለች አልኩ በልቤ።

ጎማውን ተቀበለችኝ። ወደ ባልዲዋ እየሳበች ሳለ እጇ የተለጠፈው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመች። ጥቁሩን ቁራጭ በጣቶቿ ዙሪያውን ዳሰሰችው፤ ሽቦውን ነካ ነካ አደረገችው።

«ይኼን ማን ነው የጠገነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ አሰፋች። ብቻዬን።»

ቀና ብላ አየችኝ። ልትቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን አልተቆጣችም። ከአባቴ ጋር ከታረቀች ወዲህ ሰው ሁሉ ከሰው ጋር ደኅና የሆነ መስሎኝ ስለነበር ፈገግ አልኩላት።

«እጅሽ ይባረክ» አለችኝ።

አሜን አልኳት።